እየሄደ ድንገት የሚጠፋ አሮጌ የጭነት መኪና

የጭነት መኪናዬ አሮጌ ናት። በናፍጣ ነው የምትሠራው፣ የነዳጅ ፖምፓዋ ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ችግሯ ግን ሰው ያሰለቻል። በደህና እየሄደች ድንገት ጸጥ ትላለች። ዳር ይዤ ቁልፍ ስመታ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ሌላ ቀን ደግሞ የፊት መብራት ሳበራ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ይዘላል፣ ፍሬቻ ስሰጥ የዳሽቦርዱ መብራቶች አብረው ይርገበገባሉ። ጋራዥ ስትገባ ግን ጤነኛ ናት። ሜካኒክ ፊት አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም።

እንዲህ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚሄድ ብልሽት የገጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቃ መቀየር ይጀምራል። መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ዲናሞ፣ ቀጥሎ ፊልትሮ፣ መጨረሻ ላይ ፖምፓው ይወርዳል። እኔ በዚህ አካሄድ አልስማማም። መኪናው ደህና በሆነበት ሰዓት የቀየራችሁት ዕቃ ችግሩን ይፍታው አይፍታው በምን ታውቃላችሁ? ለተወሰነ ጊዜ ደህና ቢሄድ እንኳ የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ብልሽቱን እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው የሚሻለው። ለዚያ ደግሞ ሞተሩ በጠፋባት በዚያች ቅጽበት ምን እንደተቋረጠ የሚነግራችሁ ነገር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አጠፋፉን አስተውሉ። ነዳጅ ያጣ ሞተር ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያንገጫግጫል፣ ስትረግጡት ይንተፋተፋል፣ ከጠፋ በኋላም ለመነሳት ያስቸግራል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ግን ቁልፉን የዘጋችሁበት ያህል ቀጥ ይላል። የነዳጁን ወገን ማጣራት ብዙ አያደክምም። ሲጠፋባችሁ የሰርባቶዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ክፈቱት። አየር ስቦ «ፉሽ» ካለና ከዚያ በኋላ ሞተሩ በደንብ ከሠራ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ከፖምፓው በፊት ነዳጅ የሚችል ውስጡ የሚታይ ቱቦ ቀጥሉና አረፋ መኖሩን ተመልከቱ። አረፋ ካለ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

የእኔዋ ቀጥ ነበር የምትለው። እዚህ ላይ «ናፍጣ ሞተር እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለው፣ ኤሌክትሪክ ምን ሊያደርግለት?» የሚል አይጠፋም። ካንዴላ የለውም፣ ልክ ነው። ግን ብዙ ፖምፓዎች ላይ ነዳጅ የሚያቋርጥ ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ አለ። ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ያገኝና ለነዳጁ መንገድ ይከፍታል፣ ኤሌክትሪክ ባጣ ቅጽበት ይዘጋዋል። ቁልፍ ስትዘጉ ሞተሩ የሚጠፋውም በእሱ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄደው አንድ ቀጭን ሽቦ ለአፍታ ቢላቀቅ ያ ሁሉ ብረት ይቆማል።

ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ከሶሌኖይዱ ላይ ፊውዝ ያለው ሽቦ ቀጥዬ ወደ ጋቢና አስገባሁና ትንሽ አምፖል አሰርኩበት። የአምፖሏን ሌላኛ ወገን ቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኘሁት፤ የጋቢናውን ማሳ (ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ) ስለምጠረጥረው እሱን ማመን አልፈለግኩም። ከዚያ አምፖሏን ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ በናስትሮ ለጠፍኳት። ሞተሩ ጠፍቶ አምፖሏ ከበራች ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ችግሩ ሶሌኖይዱ ራሱ ወይም ነዳጁ ነው። አብራ ከጠፋች ግን መንገድ ላይ ተቋርጧል።

ኮረኮንች መንገድ ላይ ሞተሩና አምፖሏ እኩል ጠፉ። እሰይ አልኩ። ሁለተኛ አምፖል ከኳድሮው (ቁልፉ ከሚዞርበት ማብሪያ) መውጫ ላይ ጨመርኩና እንደገና ነዳሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠፋ የሶሌኖይዱ አምፖል ጠፋች፣ የኳድሮዋ በርታ ቀረች። በዚህ ኳድሮው ነጻ ወጣ፣ የቀረው ከእሱ እስከ ፖምፓው ያለው ሽቦ ነው። መኪናዋን አቁሜ፣ ሞተሩ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ እጄን ከቺንጋና ከማራገቢያው አርቄ ሽቦውን እያነቃነቅኩ ተከተልኩት። ጋቢናው ወደ ፊት የሚታጠፍበት ማጠፊያ ጋ ስደርስ ጸጥ አለች። ላስቲኩን ስልጠው ከውጭ ምንም ያልነካው የሚመስለው ሽቦ ውስጡ ተበጣጥሶ ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተውታል፣ እነሱም ጠቁረዋል። ጋቢናው በተነሳ ቁጥር ሽቦው እዚያችው ቦታ ላይ ይታጠፋል። በዓመታት ብዛት ክር በክር ያልቃል።

ይህ ሽቦ ከዚያ በፊት በቴስተር ተለክቶ «ደህና ነው» ተብሎ ነበር። ቴስተር የሚፈልገው ጅረት በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዲት ክር ብትቀር እንኳ ሙሉ ቮልት ያሳያችኋል። ስለዚህ ሽቦው በርከት ያለ ጅረት እንዲሸከም አድርጋችሁ ፈትሹት። በ12 ቮልት መኪና ላይ 21 ዋት የሆነ የፍሬን መብራት አምፖል 2 አምፔር ገደማ ይስባል። እሱን ስታስሩበት የሚደበዝዝ ከሆነ ወይም ሽቦው ሲነቃነቅ የሚርገበገብ ከሆነ ሽቦው አልቋል። እኔ በበኩሌ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከውድ ቴስተር ይልቅ አምፖል አምናለሁ።

ሽቦውን ቀየርኩት፣ መጥፋቱ ቀረ። የሙቀት መለኪያው መዝለል ግን አልቀረም። አሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ነው፣ ሁለት ብልሽት ተደርቦ አንድ ይመስላል፣ አንዱን ስትጠግኑ ሌላው ስላለ «አልተሠራም» ትላላችሁ።

ሁለተኛው የማሳ ጉዳይ ነበር። መብራት ስታበሩ ሌላ ነገር የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ አንዱ ሲበራ ሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ማሳ ጠርጥሩ። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ሲጠብበት በሌላ ዕቃ በኩል ዞሮ መመለስ ይፈልጋል፣ ያኔ ምንም የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች አብረው ያብዳሉ። አለካኩ እንዲህ ነው፦ መብራቶችን በሙሉ አብሩ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጋቢናው ባዶ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ የሚያግድ ነገር አለ። ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየዞረ በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ መካከል ደግሞ 0.5 ካለፈ የሞተሩን ማሳ ፈትሹ። የእኔዋ ከጋቢናው ወደ ሻንሲ የሚወርደው ገመድ ነበር። ቡሎኑ ጥብቅ ነው፣ ከላይ ቀለም ተቀብቷል፣ ሲፈታ ግን ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ነው ያለው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጌ፣ ካጠበቅኩት በኋላ ላዩን ግሪስ ቀባሁት። ቀስቱ ከዚያ ወዲህ አልዘለለም።

ቤንዚን መኪና ያላችሁ ደግሞ ሙቀትን አስቡ። ሞቆ የሚጠፋ፣ ትንሽ ቀዝቅዞ የሚነሳ ከሆነ ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ወይም የሞተሩን ዙር የሚያነበው የክራንክ ሻፍት ሴንሰር (ካለው) ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። አርፒኤም (የሞተር ዙር) መለኪያውን ተመልከቱ፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሞተሩ ገና እየዞረ ቀስቱ በአንዴ ዜሮ ከገባ ለካንዴላው እሳት የሚያስፈልገው ምልክት ተቋርጧል። እንደጠፋ ወዲያው፣ ሳይቀዝቅዝ፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን እዩ። ከቀዘቀዘ በኋላ ማየት ምንም አይነግራችሁም። የነዳጅ ፖምፑን ሪሌም (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለትን ትንሽ ሳጥን) ከፍታችሁ የብየዳ ነጥቦቹን ዙሪያ ተመልከቱ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይበቃዋል።

ሁለት ልማዶች ያናድዱኛል። አንዱ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ «መፈተሽ» ነው። የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ ሬጉሌተሩንና ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል። ዲናሞ በቴስተር ነው የሚታየው፦ በ12 ቮልት መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ገደማ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5፤ 24 ቮልት ከሆነ እጥፉን አስቡ። ሌላው የሚቃጠልን ፊውዝ በሽቦ መተካት ነው። ፊውዙ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው አንድ ሽቦ ብረት እየነካ ስለሆነ ነው፣ እሱን ካፈናችሁት የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው፣ ከዚያም መኪናው።

ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ መንዳት ግድ ከሆነባችሁ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲጠፋ ቁልፉን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻ አትመልሱት፣ መሪው ይቆለፋል። ካልመለሳችሁት መሪው ይከብዳል እንጂ ይዞራል። በቫኪዩም የሚታገዝ ፍሬን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚረዳችሁ፣ ስለዚህ ደጋግማችሁ አትርገጡት፣ አንዴ አጥብቃችሁ ያዙና ወደ ዳር ውጡ።