ትምህርት ቤት የሌለው ሆምካሚንግ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለምስጋና ቀን በሰላም አደረሳችሁ!

ሴንት ሉዊስ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የታንክስጊቪንግን፣ ማለትም የምስጋና ቀንን፣ ጠዋት እዚህ የለመድኩት ከበዓሉ ምግብ ከቱርኩ ዶሮ በፊት በኳሱ ነው። አጠገባችን ያሉ ሁለት ከተሞች፣ ኪርክዉድና ዌብስተር ግሮቭስ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸው በዚህ ቀን በአሜሪካ እግር ኳስ ይጋጠማሉ። ፉክክሩ የጀመረው በ1907 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያሸነፈው ከድሮ ባቡር ላይ የተነሳ ደወል ይወስዳል። የተሸነፈው ደግሞ ትንሽ ቡናማ ገንቦ ይሰጠዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በልጅነት ትምህርት ቤታቸው ቀለም ለብሰው፣ የልጅ ልጅ እጅ ይዘው ወደ ሜዳ ሲሄዱ ሳይ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

እንዲገባኝ ያደረጉት ጎረቤቴ ናቸው። ሰማንያ አምስትን ተሻግረዋል። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ያደጉት ደቡብ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ።

አምና በዚሁ ቀን ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ መጽሐፍ አወጡልኝ። የ1958 የምረቃ መጽሔታቸው ነው፤ እነሱ ይርቡክ ይሉታል። ተመራቂዎቹ ሠላሳ ስምንት ናቸው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቅጽል ስምና የወደፊት ምኞት ታትሟል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ጓደኞቻቸው በእጃቸው የጻፉት አለ። ወዲያው የእኛ ኦቶግራፍ ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ ከእጅ ወደ እጅ ስናዞረው የነበረው፣ “የምትወደው ምግብ? የምትጠላው ጸባይ? ለእኔ ያለህ ምክር?” የሚለው ደብተር። ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረው አስቤ አላውቅም ነበር።

ገጹን እየገለጡ አወሩኝ። ጥቅምት ላይ ሆምካሚንግ ነበር። ሆምካሚንግ ማለት ትምህርት ቤቱ “የወጣችሁ ልጆቼ፣ ወደ ቤት ኑ” ብሎ የሚጠራበት ቀን ነው። ወጉን በ1911 እዚሁ ሚዙሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ጀመረው ይባላል፤ “እኛ ነን የጀመርነው” የሚሉ ሌሎችም አሉ። በእማማ ከተማ ማርሽ ባንዱ በጥቁሮቹ ሰፈር ዋና መንገድ ያልፋል። የዓመቱ ንግሥት ሆና የተመረጠችው ልጅ ጣሪያው የተከፈተ መኪና ላይ ተቀምጣ ትከተላለች። መኪናውን የሚያውሱት የሰፈሩ የቀብር አስፈጻሚ ነበሩ። በሰፈሩ ጥሩ መኪና የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸውና።

ከዕለቱ የእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ ጂም ውስጥ፣ በስፖርት አዳራሹ፣ ዳንስ አለ። የመጫወቻው ወለል እንዳይጫር ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በካልሲ ይጨፈራል። ጓደኛ የያዘ ልጅ ተማሪዎቹ ለመታሰቢያ የሚያሠሩትን የክፍሉን ቀለበት ለልጅቷ ይሰጣል። ቀለበቱ ስለሚሰፋት በክር ትጠቀልለዋለች፤ አለዚያ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ታደርገዋለች። ፕሮም፣ የተመራቂዎቹ የጭፈራ ምሽት፣ ሲደርስ እናቶች ለሳምንታት ሲሰፉ ያመሻሉ። የእማማ ቀሚስ ቢጫ ነበር። አብሯቸው የጨፈረው ልጅ በይርቡኩ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ “ስለ እግርሽ ይቅርታ።” ይህን ሲያነቡልኝ በሳቅ እንባቸው መጣ።

ያኔ በደቡብ ጥቁርና ነጭ የሚማረው ለየብቻ ነው። የመማሪያ መጽሐፎቻቸው ግን ከነጮቹ ትምህርት ቤት ተጠቅመውባቸው የተረፉ ነበሩ። ሽፋኑን ሲገልጡት የሌላ ልጅ ስም ተጽፎበታል። ስም መጻፊያው ቦታ ስለሞላ የራሳቸውን በጎን ይጽፉ ነበር።

በዚያው በ1958፣ እማማ በተመረቁበት ወቅት፣ ሊትል ሮክ ውስጥ ኧርነስት ግሪን የሚባል ወጣት ተመረቀ። እስከዚያ የነጮች ብቻ በነበረው በሴንትራል ሃይስኩል የመጀመሪያው ጥቁር ተመራቂ ነው። በ1957 መስከረም እሱና ስምንት ጓደኞቹ እዚያ የገቡት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በላኩት ወታደር ታጅበው ነው። ክፍል መግባት ተፈቀደላቸው፤ ባንድ፣ ክበብ፣ የቡድን ጨዋታ ግን አልተፈቀደላቸውም። ከ600 በላይ ተመራቂዎች ነበሩ። ለሌሎቹ ሲጨበጨብ ቆይቶ የእሱ ስም ሲጠራ ሜዳው ጸጥ አለ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያይ ነበር። እማማ የዚያን ዕለት ዜና ያስታውሳሉ። “እኔ ስሜ ሲጠራ ቤቱ ተደበላልቋል፤ አክስቶቼ ቆመው ጮኹ” አሉኝ። ስለ ልጁ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ዘር ለይቶ ማስተማርን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከለከለው በ1954 ነው። በደቡብ ብዙ ቦታ ግን ፍርዱ ሥራ ላይ የዋለው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ሲውልም በአብዛኛው የተዘጋው የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ወደ ነጮቹ ተዛወሩ። ብዙ ጥቁር ርእሰ መምህራንና አስተማሪዎች ሥራቸውን አጡ። ዋንጫው፣ የባንዱ ልብስ፣ መዝሙሩ፣ ቀለሙ ወራሽ አልነበረውም። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ይህን እማማ አጥብቀው ይናገራሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ያንን ሁሉ በባዶ እጃቸው የገነቡ ሰዎች “ምን ይዛችሁ መሄድ ትፈልጋላችሁ?” ተብለው እንኳ አለመጠየቃቸው ነው። የእማማ ትምህርት ቤት ፈርሷል። የቀረው የፊት ደረጃው ብቻ ነው።

አባቴ የተማረው ተፈሪ መኮንን ነው። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ እንጦጦ ሆነ። አባቴ ግን ዛሬም ሲጠየቅ “እኔ የተፈሪ መኮንን ልጅ ነኝ” ይላል። ልጅ ሳለሁ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። እማማን ሳውቅ ደውዬ ስለ ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራኝ።

እማማ አሁን ሆምካሚንጋቸውን የሚያደርጉት በስልክ ነው። በየታንክስጊቪንጉ ጠዋት ይርቡኩን ይከፍቱና በስም ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ያለውን ይደውሉለታል። የሞተውን ስሙንና ቅጽል ስሙን ጮክ ብለው ይጠሩና ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ማንንም አይዘሉም። ዓይናቸው ስለደከመ አምና ቁጥሩን የመታሁላቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰው አገኘን። ቢጫ ቀሚሱን ያስታወሱ ሁለት ነበሩ። “ስለ እግርሽ ይቅርታ” ያለው ልጅ፣ አሁን ሽማግሌ ነው፣ ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እግራቸው ነው።

ዘንድሮም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቤታቸው እሄዳለሁ። ጾመ ነቢያት ስለገባ ቱርኩን አልቀምስም። ሽሮና ጎመን ሠርቻለሁ፤ እሳቸውም ሽሮዬን ይወዱታል። ስልኬን ቻርጅ አድርጌአለሁ። ከሠላሳ ስምንቱ የመጀመሪያው በኤ የሚጀምር ነው፤ አምና በሦስተኛው ጥሪ አንስቷል።

በያላችሁበት መልካም በዓል ይሁንላችሁ። የትምህርት ቤታችሁን ስምና የቅርብ ጓደኛችሁን ቅጽል ስም ጻፉልኝ። ማታ ከእማማ ጋር ሆኜ አነብላቸዋለሁ።