ጊታሩ እስኪጠብቀኝ ድረስ

ሰሞኑን መኝታ ቤቴ ውስጥ የብሉዝ ዘፋኙን የስኪፕ ጄምስን «ሃርድ ታይም ኪሊንግ ፍሎር ብሉዝ» የተባለ ዘፈን በራሴ ጊታርና ድምፅ ቀዳሁ። ሰውየው የሚሲሲፒው ቤንቶኒያ ልጅ ነው። ዘፈኑን የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1931 ግራፍተን፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ፓራማውንት ለተባለው የሙቅ አሳታሚ ነው። ያኔ አሜሪካ ሥራ ጠፍቶ፣ ሰው ከከተማ ከተማ የሚንከራተትበት ዘመን ነበር። «ኪሊንግ ፍሎር» ማለት የቄራ ወለል ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዘፈኑን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ቅኝቱን አስተካከልኩ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ክር አንድ አንድ ቶን አወረድኩ። ጊታሩ ክሮቹን በግራ እጅ ሳልጫን ዲ ማይነር ኮርድ ይሰጣል። ክሮቹ ሲላሉ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) ላይ እየተርገበገቡ አስቸገሩኝ፤ ወፈር ያሉ ስገዛ ለቀቀኝ።

ከባዱ የጣቴ ልማድ ነበር። ጊታር የተማርኩት በትዝታ ነው። ኤ የምትባለው ድምፅ ላይ ስደርስ ጣቴ ሳላስበው ግማሽ ቶን ወጣ ብሎ ቢ ፍላትን ይነካል። ትዝታ ማይነርን ሆድ የምታስብስ የሚያደርጋት ይቺ ድምፅ ናት። ደስ ትላለች፤ ግን ዘፈኑን ከሚሲሲፒ አውጥታ ወሎ ታደርሰዋለች። እሷን ለመተው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ቀረጻውን የጀመርኩት በሜትሮኖም፣ ማለትም ምቱን እኩል እየቆጠረ በሚመታ መሣሪያ ነው። ጊታሩን ለብቻ፣ ድምፄን ለብቻ። ሳቀላቅለው ሕይወት የለውም። ኦሪጅናሉን ደጋግሜ ስሰማ ምክንያቱ ገባኝ። ስኪፕ በስንኞቹ መሀል ያንጎራጉራል፤ ጊታሩም እንጉርጉሮው እስኪያልቅ ይጠብቀዋል። ሜትሮኖም ግን ማንንም አይጠብቅም።

አጠፋሁት። እየተጫወትኩ እየዘፈንኩ በአንድ ማይክ ለመቅዳት ወሰንኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቀልኩ። ማይኩን ከፊቴ 40 ሳንቲሜትር ያህል አራቅኩት። ድምፄ ሲበዛ ወደ ጊታሩ ዝቅ፣ ጊታሩ ሲበዛ ወደ አፌ ከፍ። በአንድ ማይክ ከቀዳችሁ ሚዛኑን ቀድማችሁ ጨርሱት፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን አጥርቶ መለየት ከባድ ነው። የስኪፕን ቀጭን ድምፅ ልከተል ስል ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ፤ አንድ ኦክታቭ አውርጄ በራሴ ድምፅ ዘፈንኩት።

ደጋግሜ ከቀዳኋቸው ያስቀረሁት 11ኛውን ሙከራ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወንበሬ ሲጮህ ይሰማል። 9ኛው ከሱ የጠራ ነበር። ግን እያንጎራጎርኩ ትንፋሼ ሲረዝም፣ እጄ ሳልነግረው ቆሞ የጠበቀኝ 11ኛው ላይ ብቻ ነው።