ከሮቦቱ በፊት ታካሚውን ቁጠሩ

ከስትሮክ በኋላ ስለሚደረግ ማገገም ዶክትሬት ለመሥራት የሚያስቡ ብዙዎች ላቦራቶሪ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ መሣሪያ ነው። እጅ የሚያለማምድ ሮቦት አለ? አንጎልን በማግኔት የሚያነቃቃ መሣሪያስ? እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው በወር ስንት ታካሚ ለጥናት ይገኛል ለሚለው ነው።

የሆስፒታሉ ዋርድ በወር 20 የስትሮክ ታካሚ ይቀበላል እንበል። ከዚህ በፊት ስትሮክ የነበረበት፣ መመሪያ መረዳት የተሳነው፣ ለክትትል መመላለስ የማይችል ሲቀነስ 4 ቢቀሩ፣ ከእነሱም ግማሹ እሺ ቢል 2 ሰው ነው። 40 ሰው ለማግኘት 20 ወር ይፈጃል። ከአምስት አንዱ ያቋርጣል ብላችሁ 50 ከመዘገባችሁ ደግሞ 25 ወር። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚበላው ጊዜ ገና አልተደመረም። ስለዚህ ከዶክትሬት ጽሑፋችሁ ምዕራፎች ቢያንስ አንዱ ቀድሞ በተሰበሰበ ዳታ ይሠራ።

ቀጥሎ ልኬት ነው። የእጅ እንቅስቃሴን ለመመዘን በስፋት የሚያገለግለው የፉግል ማየር መለኪያ 33 መመዘኛዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 66። የእጅ አንጓውን ክፍል እዩት፦ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ ታካሚው አንጓውን ወደ ላይ 15 ዲግሪ ካላደረሰ 0፣ ካደረሰና የመርማሪውን ግፊት ካልቻለ 1፣ ግፊቱን ተቋቁሞ ከያዘ 2። ክርኑን መደገፍ ይፈቀዳል፣ አንጓውን ግን አይፈቀድም። አንዱ መርማሪ ሳያስበው አንጓውን ደገፍ ካደረገ፣ ሌላው ካላደረገ፣ የሕክምናው ውጤት የመሰላችሁ ልዩነት የመርማሪዎቹ ሆኖ ያርፋል። ለዚህ ነው መዛኙ ማን የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ ማወቅ የሌለበት፤ ሥልጠናውም በቪዲዮ መደገም አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያዘናጋው ስታቲስቲክሱ ነው። በ2008 የወጣ ጥናት ታካሚዎች ካጡት አቅም 70 በመቶ ገደማውን ይመልሳሉ የሚል ሐሳብ አስተዋወቀ፤ ከዓመታት በኋላ ስሌቱ ክፉኛ ተተቸ። ምክንያቱን ራሳችሁ ኤክሴል ላይ ማየት ትችላላችሁ። ሁለት ዓምድ የዘፈቀደ ቁጥር ሙሉ (የመጀመሪያው የመነሻ ነጥብ፣ ሁለተኛው በኋላ የተለካው ነው እንበል)፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ፣ ልዩነቱን ከመጀመሪያው ዓምድ ጋር አዛምዱ። ዓምዶቹ ምንም ግንኙነት ባይኖራቸውም፣ ልዩነቱ የመጀመሪያውን ዓምድ በውስጡ ስለያዘ ብቻ 0.7 አካባቢ ዝምድና ይወጣል (1 ፍጹም ዝምድና ነው)። መነሻውን ከለውጡ ጋር የሚያዛምድ ግራፍ ይዞ የሚመጣ አማካሪ ካጋጠማችሁ ይህን ጠይቁት፤ መልሱ ስለ ላቦራቶሪው ብዙ ይነግራችኋል።

መሣሪያው አይረባም እያልኩ አይደለም። ግን 770 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው የብሪታንያ ሙከራ የሮቦት ልምምድ የእጅን ተግባር ከተለመደው ሕክምና በላይ እንዳላሻሻለ አሳይቷል። 2,104 ታካሚዎችን የያዘው የ2015ቱ አቨርት ሙከራ ደግሞ ታካሚን ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ አብዝቶ ከአልጋ ማንሳት በሦስተኛው ወር ውጤቱን እንደሚያከፋው አገኘ፤ ብዙ ሐኪም የጠበቀው ተቃራኒውን ነበር። እንዲህ ያለ ውጤትም ጽሑፍ ሆኖ የሚታተምበት ላቦራቶሪ ፈልጉ። የቀድሞ ተማሪዎቹን አግኝታችሁ ስንቱ ያሰበውን ያህል ታካሚ እንዳገኘ፣ ሕክምናው አልሠራም የሚል ምዕራፍ ይዞ የተመረቀ እንዳለ ጠይቋቸው።