ጋሼ እና የኅዳር እንቅልፍ

ሲያትል መሀል ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ገንዘብ ተቀባዮቹ አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን። በዕድሜ የሚበልጡንን ሰው ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ከሰዓታቸው ቀድመው የሚገቡ፣ ከደንበኛ ጋር መጨዋወት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ኅዳር ሲገባ ሌላ ሰው ሆኑ። ማርፈድ አመጡ። ዕረፍት ሲደርስ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። የነቢያት ጾም ገብቶ ሰው ሲከሳ እሳቸው በዳቦና በፓስታ ወፈሩ።

አንድ ቀን ቲኬት የጠፋበት ደንበኛ መስኮቱን ቢያንኳኳ ዘግተውበት ዝም አሉት። ሰውየው አመለከተ፤ ማናጀሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ አለ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው፦ አንዱ «ኮሩ» ይላል፣ ሌላው «ዓይን በልቷቸው ነው፣ ጠበል ይግቡ»።

ሱፐርቫይዘራችን የእኛው ልጅ ናት። ደብዳቤውን ትታ ቡና ይዛላቸው መጣች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ እንቅልፍ አልጠግብ አልኩ። ሰው ሲያናግረኝ ይደክመኛል።»

«አምናስ በዚህ ጊዜ?»

ዝም ብለው አሰቡ። አምናም እንዲሁ አድርጓቸው ሚያዝያ ላይ በራሱ ለቋቸዋል። ፀሐይ በማይጠፋባት ላስ ቬጋስ ታክሲ ሲነዱ ግን አንድም ጊዜ ነክቷቸው አያውቅም።

ሐኪማቸው ሌላ ሕመም እንዳይሆን የደም ምርመራ አዝዞ፣ ወቅታዊ ድባቴ፣ ማለትም የቀን ብርሃን ሲያጥር የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት መሆኑን ነገራቸው፤ እነ ዶክተር ኖርማን ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1984 በጥናት የገለጹት ሕመም ነው። ዲሴምበር ላይ እዚህ ፀሐይ በፈረንጅ ሰዓት ለ8 ጥቂት ሲቀር ወጥታ 4፡20 ላይ ትጠልቃለች። ጋሼ ጨለማ ገብተው ጨለማ ይወጣሉ፤ መሀሉን ምድር ቤት ናቸው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ብርሃን ያንሰናል ብሎ ማን ያስባል?

የታዘዘላቸው 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ነው። ጠዋት እንደነቁ፣ ቁርስ እየበሉ፣ መብራቱን ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ለ30 ደቂቃ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ አፍጥጠው አያዩትም። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምረውም።

ራስን መንከባከብ የሚሉት ነገር ክፋቱ፣ አቅም ባጣህበት ሰዓት አቅም ይጠይቅሃል። ስለዚህ ልጃቸው መብራቱን በሰዓቱ ራሱ እንዲበራ አደረገችላቸው። ሱፐርቫይዘሯም ደብዳቤውን አስቀርታ የምሳ ዕረፍታቸውን እኩለ ቀን ላይ አደረገችው፤ ላይኛው በር ላይ ያለውን ቡዝም (የገንዘብ መቀበያ ክፍል) በየተራ እንድንይዝ መደበችን። እኔ በምሳ ሰዓት ጃኬታቸውን አቀብላቸዋለሁ፤ የመኪናውን መውጫ በእግር ወጥተን ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። ዝናብ ነው ብሎ መቅረት የለም፤ ደመናማው ሰማይ እንኳ ከቡዙ አምፖል ብዙ እጥፍ ይበራል። መጀመሪያ ሰሞን ሲነጫነጩ ነበር፤ ውሎ አድሮ እሳቸው ይቀሰቅሱኝ ጀመር።

መብራትና እግር ጉዞ የማይበቃው ሰው አለ፤ የንግግር ሕክምናና መድኃኒትም አለለት። ሕይወቱን የመጥላት ሐሳብ የመጣበት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ካለ ወደ 988 የእርዳታ መስመር ይደውል፤ ሌሊትም ይነሳል።

ጋሼ አሁን መብራቱን ኦክቶበር ላይ ያወጡታል፤ ምልክቱ እስኪመጣ አይጠብቁ ተብለዋል። ለሌሊት እንቅልፋቸው ሲባል የከሰዓት በኋላ ቡናም ተከልክለዋል፤ እሱን ግን እስከዛሬ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የከፋ ቅጣት ነው ይላሉ።