በደሴ የምሰበስባቸው ስም አልባ የጌም ማሽኖች

በመኝታ ክፍሌ መደርደሪያ ላይ 11 የቴሌቪዥን ጌም ማሽኖች አሉኝ፤ ማን እንደሠራቸው ግን በአንዳቸውም ላይ አልተጻፈም። ሁሉም ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ለገበያ ያቀረበውን ፋሚኮም የተባለ ማሽን እየቀዱ የተሠሩ ናቸው። የአንዳንዶቹ መልክ ፋሚኮምን፣ የሌሎቹ ሴጋን ይመስላል፤ ሁለቱ ደግሞ ከላይ ሲያዩዋቸው ፕሌይስቴሽን መስለው፣ ሲዲ መክፈቻ የሚመስለው ክዳን ሲነሳ ግን ከሥሩ የጌም ካሴት ማስገቢያ ይገኛል። እኛ በልጅነታችን ሁሉንም «ቲቪ ጌም» ብለን ስለምንጠራቸው ስም ይጎድላቸዋል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ይህን ሥራ በ2009 ዓ.ም. ስጀምር እኔም እንደ ብዙ ሰብሳቢ ብርቅ ዕቃ ማለት ከመጀመሪያውም በጥቂቱ የተሠራ ዕቃ ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋው ምን ያህል እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ሶኒና ኒንቴንዶ አብረው ጀምረው ከተዉት ማሽን የተረፈ አንድ ናሙና እ.ኤ.አ. በማርች 2020 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 360,000 ዶላር አውጥቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ተሠርቶ፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበት፣ ርካሽ በመሆኑ ብቻ ማንም ሳያስቀምጠው የሚያልቅ ዕቃም ብርቅ ይሆናል፤ እንዲያውም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። በሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ «ዴንዲ» እየተባለ የተሸጠው፣ በፖላንድም «ፔጋሰስ» የተባለው ማሽን እንደ እኛዎቹ የፋሚኮም ቅጂ ነው፤ ነገር ግን የንግድ ስም ስለነበራቸው የአገሩ ሰው በስማቸው ያስታውሳቸዋል፣ በስማቸውም ይፈልጋቸዋል። ወደ እኛ የመጡት ግን ስም ስላልነበራቸው ሲበላሹ የሚጠብቃቸው ቁራሌው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምፈልገውን የማገኘው ከሱቅ ሳይሆን ከቁራሌውና ከሰኞ ገበያ ነው። ቁራሌው ፕላስቲኩን በኪሎ ስለሚገዛ ከእሱ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት በየሰፈሩ ከሚዞሩት ልጆች ጋር ተስማምቼ የካሴት ማስገቢያ ያለው ማንኛውም ዕቃ ሲያጋጥማቸው ከመሰባበሩ በፊት እንዲደውሉልኝ፣ እኔም ከሚዛኑ ዋጋ በላይ እንድከፍላቸው ቃል ተገባብተናል። ከሁሉ የምሳሳለት ማሽኔ የመጣው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ሲደርሰኝ ሽፋኑ ተሰንጥቆ በጎማ ታስሮ ነበር።

ያን ማሽን ስከፍተው ያየሁት ነገር አሰባሰቤን ለወጠው። በርካሾቹና በኋላ በመጡት ማሽኖች ውስጥ የሚታየው በሰሌዳው ላይ እንደ ሬንጅ የተንጠባጠበ ጥቁር ነገር ብቻ ነው፤ የማሽኑ አእምሮ በሙሉ ከዚያ ጠብታ ሥር በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ ስለተቀበረ ቁጥርም ምልክትም አይነበብበትም። በዚህኛው ውስጥ ግን ለየብቻቸው የተቀመጡ ሁለት ትልልቅ ቺፖች ነበሩ፤ አንዱ «ዩኤ 6527»፣ ሌላው «ዩኤ 6538» የሚል ጽሑፍ አለው። እነዚህ ዩኤምሲ የተባለው የታይዋን ድርጅት የሠራቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው ሪኮ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለፋሚኮም የሠራውን ዋና ቺፕ ይተካል፣ ሁለተኛው ምስሉን ይሥላል። ሁለተኛው በሰከንድ 50 ምስል እንዲያወጣ የተስተካከለ ስለሆነ በአገራችን ሲሠራበት ከኖረው የፓል ቴሌቪዥን ሥርዓት ጋር ይስማማል። ስም በሌለው ማሽን ውስጥ የመጀመሪያ ስም ያነበብኩት ያን ቀን ነው።

ከቺፖቹ በላይ ያስደነቀኝ ግን ድምፁ ነው። የፋሚኮም ዜማ በአብዛኛው የሚወጣው ካሬ ሞገድ ከሚባለው ድምፅ ነው፤ ይህ ሞገድ በአንድ ዙር ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ ከፍ ብሎ እንደሚቆይ በመለወጥ የድምፁን ቀለም መለወጥ ይቻላል፤ የዙሩን ሩብ ብቻ ከፍ ሲል ቀጭንና ሹል፣ ግማሹን ከፍ ሲል ደግሞ ሞላ ያለና ክብ ድምፅ ይሰጣል። በአንዳንድ የዩኤምሲ ቺፖች ላይ እነዚህ ሁለቱ ተቀያይረዋል፤ ጨዋታው ሩብ ብሎ ሲያዝ ግማሹን፣ ግማሽ ሲል ሩቡን ያሰማሉ። ይህ ማለት የዜማው ደራሲ በጃፓን ቀጭን ድምፅ ያሰበበት ቦታ በደሴ ቤቶች ወፍሮ፣ ወፍራሙም ቀጥኖ ሲሰማ ኖሯል ማለት ነው። እኔም የዋናውን ፋሚኮም ድምፅ በስልኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ አንድ ነገር እንደጎደለው ሆኖ የተሰማኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በፒያሳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ሲጠግኑ ወደኖሩት፣ እኔ ጋሼ ብቻ ብዬ ወደምጠራቸው ሽማግሌ ዘንድ ማሽኑንም ስልኬንም ይዤ ሄድኩ። ሁለቱንም ድምፅ አንድ በአንድ አሰማኋቸውና፣ «ጋሼ፣ የቱ ነው ትክክለኛው ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ካዳመጡ በኋላ፣ «እኔ የማውቀው ይሄን ነው ልጄ፤ የስልኩ እንደ ታመመ ነው» ብለው ወደ ማሽኑ አመለከቱ። ጋሼ በጆሯቸው ያረጋገጡልኝን የሚመዘግብ ሌላ ሰው ስለማላውቅ ያን ዕለት የሰጡኝን መልስ ከማሽኑ ጋር በሚቀመጠው ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

የእሳቸው እጅ በስብስቤ ውስጥ በሌላም መንገድ ይገኛል። እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት በ5 ቮልት ነው፤ ከአዳፕተሩ የሚመጣውን ኃይል ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው 7805 የሚባል ባለ ሦስት እግር ዕቃ ሲሆን፣ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚቀይር ከፍተኛ ቮልት በሰጡት መጠን ይበልጥ ይግላል። የመጀመሪያው አዳፕተር ሲጠፋ በቤት ውስጥ የተገኘው ባለ 12 ቮልት ይሰካና ማሽኑ ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ይቆማል። ጋሼ ለዚህ ያገኙት መላ ከአሮጌ ድስት ክዳን ላይ አሉሚኒየም ቆርጠው በ7805ቱ ጀርባ ላይ በብሎን ማሰር ነበር፤ ከ11ዱ ማሽኖች በሦስቱ ውስጥ ይህንኑ አግኝቻለሁ። ሌላ ሰብሳቢ ቢሆን አውልቆ ማሽኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ሊያደርገው ይፈልግ ይሆናል። እኔ አልነካውም፤ ማሽኑ ደሴ እንደኖረ የሚመሰክርልኝ እሱ ነው።

በፕሌይስቴሽንም ላይ አቋሜ ይኸው ነው። ከኮምቦልቻ ጌም ቤት የተገዛ አንድ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አለኝ፤ ውስጡ አንዲት ባለ 8 እግር ቺፕ በቀጫጭን ሽቦዎች ተበይዳበታለች። ዋናው ሲዲ ተቀድቶ የማይሄድ ምልክት በውስጠኛው ጠርዙ ላይ ስላለበት፣ ይህች ቺፕ ያን ምልክት በሲዲው ፈንታ ለማሽኑ እየነገረች ቅጂው እንዲጫወት ታደርጋለች። የሌንሱ መንሸራተቻ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚበላ ጌም ቤቱ ማሽኑን ገልብጦ ያጫውት ነበር፤ ክዳኑ ላይ ያለው መፋቅ የመጣው ከዚያ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቀርብ ቤተሰቤ ደሴን ለቆ ሲወጣ ይዤው የወጣሁት ባለ ሁለት ቺፑን ማሽን ብቻ ነው። በታኅሣሥ ስንመለስ መደርደሪያው ወድቆ፣ ከካሴቶቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠፍተው ጠበቁን፤ ዛሬ ካሉኝ 11 ማሽኖች ስድስቱ ከዚያ በኋላ የተገኙ ናቸው። ከሰዉ ኀዘን አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ መቁጠር ከብዶኝ ለረጅም ጊዜ አልነካኋቸውም። ወደ ሥራው የመለሰኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሟች ወንድሙ ይጫወትበት የነበረውን ማሽን «አንተ ጋ ይቀመጥ» ብሎ አምጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማን እንደተጫወተበትና ማን እንደጠገነው ሳልጽፍ መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥም።

አያያዛቸው የደሴን አየር መልመድ ይጠይቃል። ክረምት ላይ ጉሙ እስከ ቤት ውስጥ ስለሚዘልቅ የካሴት ማስገቢያው 60 የብረት ጥርሶች ይዝጋሉ፤ በየወሩ በአልኮል አጸዳቸዋለሁ። የሽፋኑ መወየብ ደግሞ እሳት እንዳይዘው ፕላስቲኩ ውስጥ ከተጨመረው ብሮሚን ያለበት ኬሚካልና ከፀሐይ ብርሃን የሚመጣ ስለሆነ ማሽኖቹ ከመስኮት ርቀው ተቀምጠዋል። በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማንጣት እንደሚቻል ባውቅም ፕላስቲኩ ይበልጥ እንዳይሰባበር ስለምሰጋ አላደርገውም።

እስካሁን ያልተሟላልኝ የጌሙ ሽጉጥ ነው። ማሽኑም ሽጉጡም ዳክዬ የምናድንበት ካሴትም በእጄ ናቸው፤ ግን አብረው አይሠሩም። ቃታው ሲሳብ ጨዋታው ስክሪኑን ለቅጽበት አጥቁሮ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ካሬ ያበራል፣ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚለይ ዕቃም ያን ካሬ ይፈልጋል። ይህ የሚሆነው ምስሉን በሰከንድ 15,625 መስመር እያሰመረ ሳይዘገይ በሚያሳየው፣ ጀርባው በወጣው የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ ፍላት ስክሪን ምስሉን ተቀብሎ እስኪያሳይ ስለሚዘገይ ሽጉጡ ካሬውን ያጣዋል። እነዚያ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከማሽኖቹም ፈጥነው እያለቁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት እናት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ዕቃ ቤታቸው ውስጥ እንዳለ ሰምቼ ደወልኩላቸው። «ይሠራል፤ ግን የሚያነሳው ሰው አጣሁ እንጂ መቼ እምቢ አልኩ» አሉኝ። «እማማ፣ ቅዳሜ በጠዋት እመጣለሁ፤ እባክዎ ለቁራሌው እንዳይሰጡብኝ» ብያቸዋለሁ። የሐረጎን ዳገት ይዞት የሚወጣ ሚኒባስም ተከራይቼ፣ በጉዞ ላይ ብርጭቆው እንዳይናወጥ ሁለት ፍራሽ አዘጋጅቻለሁ።