ብርድ ልብሱን ምን ላድርገው?

ዛሬ ማታ ሁለት ስልክ ተደወለልኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ደብረ ብርሃን። ሁለቱም ፍሬሽ ናቸው፤ ዶርም የገቡት በዚሁ ሳምንት ነው።

ወንድሜ ገና ሰላም ሳይለኝ "እማዬ ያሸከመችኝን ብርድ ልብስ ምን ላድርገው?" አለኝ። ሌሊቱ ራሱ ይሞቃል አለ። በዚያ ላይ የደረሰው የላይኛው አልጋ ነው። ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ፍራሹን አውርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል።

የአክስቴ ልጅ ግን ካልሲ አድርጋ፣ ጋቢ ተከናንባ ነው ያወራችኝ። ከተማው ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ምን ይደረግ። የላይኛውን አልጋ እሷ ብታገኘው ኖሮ!

እኔ ግቢ የገባሁት ከ2012 በፊት ነው። ያኔ የፍሬሽማን ዓመት ገና አልተመለሰም፤ በቀጥታ ዲፓርትመንት ነበር። የዶርማችን ልጆች በሙሉ አንድ ክላስ ነበርን። አንዱ አሳይመንት ከሠራ ስድስታችንም ሠራን ማለት ነው (መምህሩም ሳያውቅ አይቀርም)። የግቢውን ስም ልተወውና፣ ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ጀሪካን የሚሞላ ተረኛ ነበረን። ተረኛው እንቅልፍ ከጣለው ሁላችንም ጠዋት በአንዲት ሃይላንድ ውሃ ፊታችንን እንታጠባለን። ተረኛው ቀኑን ሙሉ ሲሰደብ ይውላል።

ወንድሜ አሁን መልሶ ደወለ። "ብርድ ልብሱን ለእሷ ልላክላት?" ይላል። አዲስ አበባ እኔ ጋ ሊያሳድረው ነው።