ከአፋን ኦሮሞ ክፍል በኋላ ቡራዩ ጉሊት

ቋንቋ ሊማር ባሕር ማዶ የሄደ ሰው ቋንቋውን የሚሰማለት አጥቶ ይቸገራል። አዲስ አበባ ተቀምጦ አፋን ኦሮሞ የሚማር ግን ችግሩ የሁሉም ሰው አማርኛ መቻል ነው። ከአስኮ ታክሲ ይዤ ቡራዩ ስወርድ፣ ገና አንድ ቃል ላይ ስደናቀፍ "በአማርኛ ይንገሩኝ፣ ግድ የለም" እባላለሁ። በደግነት ነው የሚሉት፤ ልምምዱን የሚያበላሸውም ይኸው ደግነት ነው። በሦስት ወር ውስጥ የለዋወጥኩት ዘዴ ሁሉ ወሬው ወደ አማርኛ እንዳይዞር ለማድረግ ነበር።

ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ያልቃል። 11 ሰዓት አካባቢ ጉሊቱ ጋ እደርሳለሁ። ከ12 በኋላ ከሥራ የሚገባው ሰው ስለሚበዛ ባለጉሊቶቹ ለተለማማጅ የሚተርፍ ጊዜ የላቸውም። ዋጋ የተለጠፈበት ሱቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጣት ቀስሮ መግዛት ይቻላላ! ጉሊት ላይ ግን ዋጋ የሚታወቀው በአፍ ነው። ከሁሉ የሚሻሉት ቅቤና ጎመን ይዘው ከገጠር የሚመጡት እናቶች ናቸው። አንዳንዶቹ አማርኛው እኔን አፋን ኦሮሞው የሚቸግረኝን ያህል ስለሚቸግራቸው እኩል እንሆናለን።

መጀመሪያ ሰሞን ቀጥታ "ሜቃ?" እያልኩ ነበር ዋጋ የምጠይቀው። ሰላምታ የዘለለ ሰው ደግሞ የቸኮለ ገዢ ነው፤ ለቸኮለ ገዢ በሚገባው ቋንቋ ቶሎ ይመለስለታል። አሁን ለእኩያ "አከም ኦልቴ?"፣ ለትልቅ ሰው "አከም ኦልተን?" ብዬ፣ "ነጋ ዸ?" "ፈያ ዸ?" እስኪያልቅ እቆማለሁ። ወዲያው አስከትዬ "አፋን ኦሮሞ በረቻን ጂረ፣ ሱተ ጄዻ" እላለሁ፤ እየተማርኩ ነው፣ ቀስ ይበሉልኝ ማለት ነው። ይህቺ አረፍተ ነገር ከመንተባተብ በፊት መምጣት አለባት። ከተንተባተቡ በኋላ ስትመጣ ሰበብ ትመስላለች፤ ሻጯም አማርኛውን ጀምራዋለች።

ግዢውን እከፋፍለዋለሁ። ሦስት ነገር ከአንዲት ሴት ከመግዛት አንድ አንዱን ከሦስት ሴቶች መግዛት ይሻላል፤ ያው ሰላምታና ያው ጥያቄ ሦስቴ ይደገማል፣ መልሱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት "ቁሉቢ ዲማ ኪሎ ወለካ" ነው። ቅጽሉም ቁጥሩም ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ 50 ብር ራሱ "ቀርሺ ሸንተመ" ነው የሚባለው። ሁለቱም ቋንቋዎች ግስን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡ አማርኛ ተናጋሪ ቃል በቃል እየገለበጠ ብዙ ርቀት ይሄድና እዚህ ላይ ይያዛል።

የቁጥር ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል። ሰዲ ሦስት፣ ሰዴት ስምንት፣ ሶዶመ ሠላሳ፣ ሰዴተመ ሰማንያ ነው። በፍጥነት ሲነገሩ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ አንድ መደብ ቲማቲም "ሶዶመ" ተብዬ 80 ብር ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፣ 50ውን መለሱልኝ እንጂ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ቁጥር ብር ሳላወጣ በራሳቸው ቋንቋ እደግመዋለሁ። መቶ ብር ሰጥቶ መልሱ እጅ ላይ ሲቆጠር መስማት ደግሞ ከየትኛውም የክፍል ልምምድ ይበልጣል። "ዝርዝር የለህም?" የሚል ቁጣ ስለማይቀር በቀን አንዴ ይበቃል።

ቅቤ "ዸዻ" ነው። ለአማርኛ አፍ ከዚህ የሚከብድ ቃል ገበያው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ወይ "ደዳ" ወይ "ጠጣ" እንላለን። ዸ ሲባል የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ቀልበስ ይልና አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ጠ ግን ወደ ውጭ ይፈነዳል። መዳፍን ከአፍ ፊት አድርጎ መሞከር ነው፤ ትንፋሽ ፈንድቶ መዳፍን ከመታ ተበላሽቷል።

ማስታወሻ ደብተር ጉሊት ውስጥ አይወጣም። እያየ የሚጽፍ ሰው ደንብ አስከባሪ ይመስላል፤ ስልክ አውጥቶ መቅዳትማ ከዚያም ይብሳል። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከአምስት ያልበለጡ ቃላት እጽፋለሁ፣ የምጽፈውም በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። በእኛ ፊደል ገረ፣ ገራ፣ ጋረ (ወደ፣ ሆድ፣ ተራራ) ብሎ መለየት ይቻላል። "ቦሩ" ግን ሲያጥር ነገ፣ ሲረዝም ድፍርስ ነው፤ "በዳ" ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ነው፤ ፊደላችን ላይ አይለዩም። ቁቤ አናባቢውንም ተነባቢውንም ደርቦ ይጽፋቸዋል። ዸን የመሳሰሉት በሁለት ሆሄ የሚጻፉት ድምፆች ግን ሲጠብቁም አይደረቡም፤ እነሱን ጆሮ ብቻ ነው የሚይዛቸው።

ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጽሑፍ ስለሆነ የመንገዱ ታፔላ ሁሉ ነፃ መማሪያ ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን ግን ይሳሳታል። ኤክስ ጠ ነው፣ ሲ ጨ ነው፣ ኪው ቀ ነው። የለገጣፎን ታፔላ "ዛፎ" ብሎ የሚያነብ ስንት አለ! እኛ "ቤት"ን መጨረሻ ላይ እንደምናደርገው እነሱ "መነ"ን መጀመሪያ ያደርጋሉ፦ መነ ኛታ ምግብ ቤት፣ መነ በሩምሳ ትምህርት ቤት። የቦታ ስሞችም ይፈታሉ፦ ገፈርሳ ጎሽ ነው። "ለገ" ወንዝ መሆኑን ያወቀ ተማሪ ለገዳዲን አይቶ ደስ ይለውና ለገሃርንም ወንዝ ያደርገዋል፤ እሱስ ባቡር ጣቢያ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

እዚያው ቡራዩ ውስጥ ታክሲ ላይ ለመውረድ "አሲቲ ነን ቡአ" ይባላል። መጨረሻ ያለችው አ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ ማለት አለባት፤ "ቡዋ" ከሆነች ረዳቱ ዞር ብሎ "ወራጅ ነው?" ይላል። አስኮ ከደረስን በኋላ ግን እኔም "ወራጅ አለ" ብዬ ነው የምወርደው።